ዓይን ከነጣ በኋላ

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። የወፍ በሽታ ይዞት የዳነ ሰው ሲመጣ «ተሻለህ ወይ?» ብዬ አልጠይቀውም፤ መሻሉን ዓይኑ ይነግረኛል። የምጠይቀው «የትኛው ነበር?» ብዬ ነው። «ሲስተር፣ የወፍ ነዋ!» ይለኛል። ይህ መልስ ግን አይጠቅመኝም፤ የዓይን ቢጫ መሆን ምልክት እንጂ በራሱ በሽታ አይደለም። ቢሊሩቢን የሚባለው ነገር ደም ውስጥ ሲጠራቀም ይታያል፤ ያጠራቀመው ደግሞ ቫይረስ፣ የሐሞት ጠጠር፣ መጠጥ፣ መድኃኒት፣ አንዳንዴም ወባ ሊሆን ይችላል። እንዳይመለስ የምታደርጉት ጥንቃቄ መንስኤውን ይከተላል። ስለዚህ ከሁሉ በፊት የላቦራቶሪ ወረቀታችሁን ፈልጉ። ከሌለ ሄፓታይተስ ቢ እና ሲ የሚባሉትን የጉበት ቫይረሶች ተመርመሩ።

ሄፓታይተስ ኤ ከነበረ ዕድለኞች ናችሁ፤ አንዴ የያዘው ሰው ዳግመኛ አይያዝም። ጥቂት ሰዎች ከተሻላቸው ከሳምንታት በኋላ ዓይናቸው እንደገና ቢጫ ይሆናል፤ ይህ አዲስ በሽታ ሳይሆን የዚያው የመጀመሪያው ተከታይ ነው፤ ቢሆንም መታየት አለበት። ኤን ያመጣባችሁ ውሃ ግን ሄፓታይተስ ኢንም ታይፎይድንም ሊያመጣ ይችላል። በጋምቤላ በ2014 እ.ኤ.አ. በስደተኞች መካከል የተዛመተው ኢ ነበር፤ በተለይ ነፍሰ ጡርን ይገድላል። እኛ ከተማ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ያለ ስለሆነ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ይፈላል፤ ስለዚህ መፍላት ከጀመረ በኋላ ሦስት ደቂቃ ተዉት። እንጨትና ከሰል ሲወደድ «ውሃ አጋር» የሚባለው የውሃ ማከሚያ ይሠራል፦ የደፈረሰውን በንጹሕ ጨርቅ አጥልሉ፣ መመሪያው በሚለው ልክ ጨምሩ፣ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ኩባያ ወደ እንስራ ከማጥለቅ ይልቅ ከጀሪካን ቅዱ። ዓይናችሁ ቢጫ ከሆነበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ለአንድ ሳምንት ለሌላ ሰው ምግብ አትሥሩ።

ሄፓታይተስ ቢ ከሆነ ነገሩ ይረዝማል። በጎልማሳነታቸው ከሚያዙ 100 ጤነኛ ሰዎች 95 ያህሉ በ6 ወር ውስጥ ቫይረሱን ያጠፉታል። በሕፃንነቱ የተያዘ ሰው ግን ዓይኑ ቢጫ የሆነው ዘንድሮ ቢሆንም ቫይረሱ ለዓመታት አብሮት ኖሯል። ከየትኞቹ እንደሆናችሁ የሚታወቀው ከ6 ወር በኋላ በሚደገም ምርመራ ነው፤ ብዙዎች የሚቀሩት እዚህ ላይ ነው፤ ስለተሻላቸው። ቫይረሱ ካለ በየ6 ወሩ ጉበታችሁ ይታይ። ቴኖፎቪር የሚባለው የቫይረሱ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ በራሳችሁ አታቁሙ፤ ሲቋረጥ ቫይረሱ ይነሣና ጉበት ከበፊቱ በባሰ ይቆጣል። ጸበል መጠመቅ የምትፈልጉም ተጠመቁ፤ ክኒናችሁን ግን ይዛችሁ ሂዱ።

ቤተሰብ ይመርመር፤ ነጻ የሆነው ይከተብ፤ ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ በ6ኛው ወር። የሕፃናቱ ክትባት በአገራችን መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ስለሆነ ከዚያ በፊት የተወለዱት አልተከተቡም ብላችሁ ገምቱ። ምላጭ፣ የጥፍር መቁረጫና የጥርስ ብሩሽ ለየብቻ ይሁን። ዋግምት፣ ንቅሳት፣ እንጥል ማስቆረጥ ይቅር። ሳህንና ብርጭቆ መለየት ግን ከንቱ ነው፤ ቢ በጉርሻ አይተላለፍም። ሚስቱ ኩባያ ለይታበት አንገቱን ደፍቶ የመጣ ሰው አይቼ አውቃለሁ፤ ጠርቼ ያነጋገርኋት እሷን ነበር።

አሁን ወደ ባህል መድኃኒቱ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይቆጣኛል። የስሚዛ ቅጠል ጨምቀው ጠጥተው የዳኑ አሉ ትሉኛላችሁ። አሉ። ሄፓታይተስ ኤ ሳይጠጡም ስለሚለቅ ምስጋናውን የሚወስደው የመጨረሻው መድኃኒት ሰጪ ነው። የጠጣችሁት ነገር በሙሉ ግን የሚያልፈው በዚያው በታመመው ጉበት ነው፤ መጠኑን ሰጪውም አያውቀውም። «እንዳይመለስብኝ» ብሎ በየዓመቱ የሚጠጣ ሰው በተለይ ይተወው።

አረቄ የከተማችን ስም የተያያዘበት ነገር ስለሆነ መናገሩ ይከብዳል፤ ሆኖም የጉበት ምርመራችሁ ሙሉ በሙሉ እስኪስተካከል አንድ መለኪያም አይሆንም። ሥር የሰደደ የጉበት በሽታ ካለባችሁ ጨርሶ አይሆንም። ጠላና ጠጅም ያው ናቸው፤ «ቤት የተጠመቀ ነው» ማለት አያድንም። ጫትም ጉበት እንደሚጎዳ የታወቀ ነው። ለራስ ምታት የምትውጡት ፓራሲታሞል 500 ሚሊግራም ነው፤ ጤነኛ ጎልማሳ እንኳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ፍሬ በላይ አይወስድም፤ እናንተ ግን ሳትጠይቁ አንድም አትውሰዱ። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት እየወሰዳችሁ ዓይናችሁ ቢጫ ሆኖ ከነበረ፣ ያንኑ ክኒን በራሳችሁ እንደገና አትጀምሩ፤ ሐኪም አንድ በአንድ ይመልሳችኋል።

ስለ ምግብ ብዙ የምለው የለኝም። ዘይትና ሥጋ ለዘላለም ይቅር የሚለው ወሬ መሠረት የለውም፤ የምግብ ፍላጎት ሲመለስ ሽሮውም እንቁላሉም ጎመኑም ይበላ። የሻገተ በቆሎና ኦቾሎኒ ግን ጣሉት፤ አጥባችሁም አትቆሉት፤ ሻጋታው የሚያመነጨው መርዝ የጉበት ካንሰር ያመጣል። ጾም የያዛችሁ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሩ፤ ለታመመ ሰው ፈቃድ አለ። ድካሙ ሳምንታት ሊቆይ ስለሚችል ወደ እርሻም ወደ ሸክምም ቀስ ብላችሁ ተመለሱ።

ሽንት እንደ ገና ጠቁሮ ሰገራ ከነጣ በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሂዱ። በቀኝ የጎን አጥንት ሥር የሚቆርጥ ሕመም ከትኩሳት ጋር ከመጣ የሐሞት ጠጠር መንገድ ዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሆስፒታል ያስፈልገዋል። ሰውየው ከተደናገረ፣ ቀን እየተኛ ሌሊት ከነቃ፣ ሆዱ ከተነፋ፣ ደም ካስመለሰው ወይም ነፍሰ ጡር ሴት ዓይኗ ቢጫ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን እስኪነጋ አትጠብቁ።