ፌስታሉን ቋጥራችሁ ጣሉት

ጅዳም ሁኑ ጅቡቲ፣ ቀይ ባህር ዳርቻ ለመዝናናት ስትወጡ ባዶ ፌስታል እንዲሁ ገንዳ ላይ ጣል አታድርጉ። ጠቅልላችሁ ጥብቅ አድርጋችሁ ቋጥሩትና ክዳን ያለው ውስጥ ክተቱት፤ ንፋስ የሚያነሳው የተዘረጋውን ነው። ውሃ ላይ ሲንሳፈፍ ለባህር ኤሊ የምትበላው ጄሊፊሽ የተባለ ለስላሳ የባህር እንስሳ ይመስላታል። ባህር ውስጥ ከሰነበተ ደግሞ አልጌ ይይዝና እንደ ምግብ ይሸታታል። ጉሮሮዋ ደግሞ ወደ ውስጥ በተቀሰሩ እሾህ መሰል ነገሮች የተሞላ ነው፤ የሚያዳልጥ ምግቧ እንዳያመልጣት የተሠራ ስለሆነ የዋጠችውን ፌስታል መልሳ መትፋት ይቸግራታል። የተጣለ የዓሣ ማጥመጃ ክር ካያችሁም አንስታችሁ በአጭር በአጭሩ ቆራርጡት፤ ረጅሙ እግሯን ይተበትባል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ከቤት በምሳ ዕቃ መያዝ ነው። ምሳ ዕቃ እንደሆነ ንፋስ አይወስደውም፣ ረስቶት የሚመጣም የለም!