ማይክሮፎኑን አትግፉት፦ የፓናል መድረክ ስህተቶች

እኛ ሜሪላንድ የምንኖር የሳይንሳዊና የምናባዊ ልብወለድ ወዳጆች ዕድለኞች ነን፤ ባልቲኮንና ካፕክሌቭ የተባሉት የዘርፉ ደራሲዎችና አንባቢዎች ጉባኤዎች ከደጃችን ናቸው። ሰሞኑን ሁለት ወጣት ጸሐፊዎች እንዲህ ባለ ጉባኤ ላይ በፓናል እንዲወያዩ ተጋብዘው ምክር ጠየቁኝ። ከመድረክም ከታዳሚም ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ልንገራቸው።

የምጀምረው ደሜን በሚያፈላው ነው። ማይክሮፎን ሲቀርብለት ገፋ አድርጎ «የእኔ ድምፅ ትልቅ ነው» የሚል ሰው አይጠፋም። ከዚያም «እዚያ ከኋላ ይሰማል?» ብሎ ይጠይቃል። ያልሰማ ሰው ምን ብሎ ይመልስ? ጥያቄውንም አልሰማ! ነገሩ የጉሮሮ ጉልበት አይደለም። የአዳራሹ የማዳመጫ መሣሪያ መስማት ለሚቸገር ታዳሚ የሚያደርሰው በማይክሮፎኑ የገባውን ድምፅ ነው፤ ከቤቱ ሆኖ በኢንተርኔት የሚከታተለውም እንደዚያው። እነዚህን ሰዎች በር ከፍታችሁ እያስወጣችኋቸው ነው። እኔም ንጹሕ አይደለሁም፤ በመጀመሪያው ፓናሌ ገፍቼዋለሁ። ሲያልቅ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት መጡና «ጥሩ ነገር እንደተናገርሽ ከሰዎቹ ሳቅ ተረዳሁ» አሉኝ። ዛሬም ሳስታውሰው ፊቴ ይሞቃል።

ሁለተኛው የእኛው የአገር ቤት ልማድ ነው፦ «በቅድሚያ ይህን ዕድል ለሰጡኝ...»። እስቲ እናስላ። ፓናል 1 ሰዓት ቢያዝለትም አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩ 50 ደቂቃ ላይ ያበቃል፤ ቀሪው ለመውጫና ለመግቢያ ነው። 5 ተወያዮች ስለ ራሳቸው 4 ደቂቃ ካወሩ 20 ደቂቃ ሄደ። ለታዳሚ ጥያቄ 15 ስጡ። የቀረው 15 ለ5 ሲካፈል ለአንድ ሰው 3 ደቂቃ! ስማችሁንና የምትጽፉትን ተናገሩ፣ በቃ።

አንድ መጽሐፍ ፊታችሁ ማቆም የተለመደ ነው። ሰባቱን ደርድሮ ከኋላቸው መሸሸግ ግን ጉልት ገበያ ነው።

አወያይ ከሆናችሁ ጥያቄዎቹን ቀደም ብላችሁ በኢሜይል ላኩ፤ ማቋረጥንም ተማሩ። ታላቅን ማቋረጥ ነውር ነው ተብለን ስላደግን ይህ ይከብደናል። አንድ ጊዜ አንጋፋ ደራሲ 19 ደቂቃ ሲናገሩ አንገቴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኩ። ከጫፍ የተቀመጠችው ጀማሪ ከስሟ በቀር የተናገረችው ነገር አልነበረም። ነውሩ የቱ ነው?

አርታኢን መጸዳጃ ቤት በር ላይ ጠብቆ ረቂቅ ማስጨበጥ፦ አይደረግም። ደርሶብኛል።

«ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» የሚለውን ታዳሚ በፈገግታ እለፉት።

በመጨረሻም የጉባኤው አዘጋጆች ፓናል ለመመደብ የሚሰጧችሁን የተሳታፊዎች ቅጽ ስትሞሉ የምታውቁትን በዝርዝር ጻፉ፦ ትርጉም፣ ዘንዶ፣ መንኮራኩር፣ የፈለጋችሁትን። ባዶውን ከተዋችሁት የምትመደቡት «አፍሪካ» የሚል ቃል ያለበት ፓናል ላይ ብቻ ነው። እኔ ባዶውን ትቼው ስለ ናይጄሪያ ልብወለድ ተጠየቅሁ። አላውቅም ማለት አፍሬ 10 ደቂቃ አወራሁ። ከፊት የተቀመጠው ናይጄሪያዊ እጁን አጣምሮ፣ በትዕግሥት፣ እስከ መጨረሻው ሰማኝ።