ጨው ያወጣ ማሳ ላይ ምን ይዘራል?

አፋር ውስጥ፣ አሚባራ ላይ ሽንኩርት የተከልኩ ዓመት ጉድ ሆንኩ። አንድ ጠዋት ማሳው ነጭ ነገር ለብሷል። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፤ ጨው! ችግኙ እርጥብ አፈር ላይ ቆሞ ጠወለገ። አፈሩ ጨው ሲበዛበት ሥሩ ውሃ መሳብ ያቅተዋላ።

ስለዚህ መጀመሪያ አፈሩን አስመርምሩ። የጨዉ ልኬት (አፈሩ ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አቅሙ ነው የሚለካው) በሜትር ከ2 ዴሲሲመንስ ካለፈ ሽንኩርትና ቦሎቄን እርሱት። ጥጥና ገብስ ግን እስከ 8 ገደማ ይችላሉ። ጨዉን በየሕዋሱ ውስጥ ባለች ከረጢት ይቆልፉበታል። ያም ሆኖ ቡቃያ ሳሉ ስስ ናቸው።

ዘሩን መደቡ አናት ላይ እንዳታደርጉ። ውሃው ሲተን ጨዉ እዚያ ይከማቻል። ጎኑ ላይ፣ ከውሃው መስመር ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ዝሩ። ከዚያ በፊት ጨዉ ወደ ታች እንዲታጠብ ማሳውን በደንብ አጠጡ። መውረጃ ቦይ ከሌላችሁ ግን አትድከሙ፤ የከርሰ ምድሩ ውሃ ከፍ ብሎ ጨዉን መልሶ ያመጣዋል።

ያረጀ ቅጠል ጫፉ ቢቃጠል አትደንግጡ፤ ተክሉ ጨዉን እዚያ እየጣለ ለጋውን እያተረፈ ነው። ለጋው ሲቃጠል ነው መስጋት።