የሞዴል ባቡራችሁን ፎቶ እንዴት አንስታችሁ ሼር ታደርጋላችሁ (መጫወቻ ሳይመስል)

ሌይአውት (ሀዲዱ፣ ጣቢያው፣ ኮረብታው ሁሉ ያለበት የሞዴል ባቡር ዓለም) የሰራ ሰው ሁሉ ይሄ ሳይደርስበት አይቀርም። ወራት የፈጀባችሁን ጣቢያ፣ ዛፉን አንድ በአንድ የተከላችሁበትን ኮረብታ ሞባይል አውጥታችሁ ቀጭ ታደርጋላችሁ፣ ከዛ ፎቶውን ስታዩት ጠረጴዛ ላይ የተበተነ መጫወቻ ነው የሚመስለው። በአይን ስታዩት እንደዛ አልነበረም እኮ። የኔ የመጀመሪያ ፎቶዎች ሁሉም እንደዛ ነበሩ፣ ቆሜ ከላይ ወደ ታች ያነሳኋቸው፣ ፍላሽ የበራባቸው፣ ጥግ ላይ የግድግዳው ሶኬት ፍጥጥ ብሎ የሚታይባቸው። ሼር ሳደርጋቸው ኮሜንት የሰጠኝ አንድ ሰው ነው፣ እሱም "የልጅህ ነው?" ብሎ ነው የጠየቀኝ። ልጅ የለኝም።

በካሜራው ማሳበብ ቀላል ነው ግን ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ አሁን ያሉት ሞባይሎች ለዚህ ስራ ይበቃሉ። ጥፋቱ የቆምንበት ቦታ ላይ ነው። ወደሱ እመጣለሁ፣ መጀመሪያ ግን ብሩሽ ያዙ።

ደረጃ 1፦ አቧራውን ጥረጉ

ለስላሳ የሜካፕ ወይም የስዕል ብሩሽ ይበቃል። የሎኮሞቲቩን ጣሪያ፣ ሀዲዱን፣ የቤቶቹን ክዳን ጠረግ ጠረግ አድርጉ። ነገሩ ለንጽህና ብቻ አይደለም። በኤችኦ ስኬል (ስኬል ሞዴሉ ከእውነተኛው ስንት ጊዜ እንዳነሰ የሚናገር ነው፣ ኤችኦ 1፡87 ነው) ሁሉም ነገር 87 ጊዜ አንሷል፣ አቧራው ግን አላነሰም! ግማሽ ሚሊ ሜትር የምታህል ብናኝ እዛ ዓለም ውስጥ ከ4 ሴንቲ ሜትር በላይ የሆነች ድንጋይ ናት። አንዴ ፉርጎ ላይ የተጋደመች አንዲት ፀጉር ሳላያት ባቡሩን አንስቼ ፎቶው ላይ የተበጠሰ የኤሌክትሪክ ገመድ መስላ ቁጭ አለች፣ ያንን ፎቶ ሳነሳ ደሞ ሎኮሞቲቩን በእጄ ስለነካሁት ጎኑ ላይ የአውራ ጣቴ አሻራ በሩን ሙሉ ሸፍኖት ነበር።

በዛው ቤቶቹ ከመሬቱ ጋር የሚገናኙበትን ቦታ ጎንበስ ብላችሁ እዩት። ግድግዳውና መሬቱ መሀል ቀጭን ጥቁር መስመር ካለ ቤቱ አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል፣ ፎቶ ደሞ ይሄን አይደብቅም። ትንሽ ሙጫ፣ ትንሽ አሸዋ ወይም የሰው ሰራሽ ሳር ብናኝ ጣል ማድረግ ነው፣ በቃ።

ደረጃ 2፦ ውረዱ

ከዚህ ጽሁፍ አንድ ነገር ብቻ ይዛችሁ የምትሄዱ ከሆነ ይሄን ያዙ። ፕላትፎርሙ ላይ የቆመው ትንሹ ሰውዬ ባቡሩን የሚያየው ከየት ነው? ካሜራው እዛ መሆን አለበት። አይኑ ከመሬት 1.60 ሜትር ላይ ነው ብንል በኤችኦ 1.8 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ይሆናል፣ በኦኦ (1፡76) 2.1፣ በኤን (1፡160) ልክ 1 ሴንቲ ሜትር፣ በዜድ (1፡220) ደሞ 7 ሚሊ ሜትር ብቻ። እኛ ግን ቆመን ስናነሳ ካሜራው ከሌይአውቱ 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይላል፣ ይሄ ለትንሹ ሰውዬ ከ50 ሜትር በላይ ነው፣ ማለትም ሁሌም ከሄሊኮፕተር እያነሳን ነበር ማለት ነው።

ለሞባይል አንድ ቀላል ዘዴ አለች፦ ገልብጡት። ብዙዎቹ ስልኮች ሌንሳቸው ከላይ በኩል ስለሆነ ስልኩን ቁልቁል ስትዘቀዝቁት ሌንሱ ሀዲዱ አጠገብ ይደርሳል። ፎቶው ተገልብጦ ከመጣ ማዞር ነው። ስልኩን መፅሀፍ ላይ ወይም አሸዋ ባለበት ትንሽ ከረጢት ላይ አስደግፉት፣ ታይመሩን 3 ሰከንድ ላይ አድርጉ፣ እጃችሁን አንሱ።

ሁሌም መሬት ላይ ተኙ ማለቴ አይደለም። እውነተኛ ባቡር የሚያነሱ ሰዎችም ድልድይ ላይ ይወጣሉ፣ ኮረብታ ላይ ይወጣሉ። 10 ሜትር ከፍታ በኤችኦ 11 ሴንቲ ሜትር ተኩል ነው፣ እስከዛ ድረስ ብትወጡ ያስኬዳል። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፣ እዛ ቦታ ላይ ሰው ሊቆም ይችላል ወይ?

ደረጃ 3፦ አንድ ፀሐይ

ፍላሹን አጥፉት። ከሌንሱ አጠገብ ፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ጥላውን ሁሉ ያጠፋና ፕላስቲኩን ያብለጨልጨዋል፣ ፕላስቲክ ሲያብለጨልጭ ደሞ ጨዋታው አለቀ።

ከዛ የክፍሉን አምፖሎች ቁጠሩ። ሶስት አምፖል ካለ እያንዳንዷ ዛፍ ሶስት ጥላ አላት፣ ሰማይ ላይ ደሞ ያለችው አንድ ፀሐይ ናት። ስለዚ ሌላውን አጥፍታችሁ አንድ ጠንከር ያለ መብራት ከጎን፣ ከፍ አድርጋችሁ፣ ራቅ አድርጋችሁ አቁሙ፣ አንድ ተኩል ሁለት ሜትር ቢርቅ ጥሩ ነው። ለምን ራቅ? ቅርብ ከሆነ ጥላዎቹ እንደ ማራገቢያ ወደየአቅጣጫው ይበተናሉ፣ ከርቀት ሲመጣ ግን ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይተኛሉ፣ ልክ እንደ ፀሐይ። ጥላው በጣም ከጠቆረ በሌላኛው በኩል ነጭ ካርቶን አቁሙ፣ ብርሃኑን መልሶ ያለሰልሰዋል።

ነጭ አምፖልና ቢጫ አምፖል አትቀላቅሉ። አንድ አይነት ከሆነ ዋይት ባላንሱን (ነጩ ነጭ ሆኖ እንዲታይ የሚያደርገውን የቀለም ማስተካከያ) በኋላ ማስተካከል ይቻላል፣ ከተቀላቀለ ግን ግማሹ ባቡር ሰማያዊ ግማሹ ብርቱካናማ ሆኖ ይቀራል፣ አንዱን ስታስተካክሉ ሌላው ይበላሻል።

ሌይአውታችሁ ተነቃቅሎ የሚወሰድ አይነት ከሆነ ወይም ትንሽ ዲዮራማ (አንድ ቦታ ብቻ የሚያሳይ ትንሽ ሞዴል) ካላችሁ ደሞ ይሄን ሁሉ እርሱትና ጠዋት ወይም አመሻሽ ላይ ውጪ አውጡት። ፀሐዩም እውነተኛ ሰማዩም እውነተኛ። እኔ አንድ ሜትር በማትሞላ ሳንቃ ላይ የሰራኋትን ጣቢያ ውጪ አውጥቼ ያነሳኋት ፎቶ እስካሁን ካነሳኋቸው ሁሉ ትበልጣለች፣ ንፋሱ ሁለት ዛፍ ቢነቅልብኝም።

የማታ ፎቶ ለሚወድ አንዲት ነገር ልበል። የሞዴሉ ቤት ውስጥ ኤልኢዲ (ትንሽ መብራት) ስታበሩ ግድግዳው ራሱ ቦግ የሚል ከሆነ ፕላስቲኩ ብርሃን እያሳለፈ ነው። የግድግዳውን ውስጠኛ ክፍል ጥቁር ቀለም ቀቡት፣ ያኔ ብርሃኑ በመስኮቱ ብቻ ይወጣል።

ደረጃ 4፦ ከፊት እስከ ኋላ ጥርት ማለት አለበት

እውነተኛ ከተማን መጫወቻ የሚያስመስል የፎቶ ኤፌክት አይታችሁ ታውቃላችሁ አይደል፣ ከላይና ከታች ድብዝዝ ተደርጎ መሀሉ ብቻ የሚጠራው? አይናችን ድብዝዝ ያለ ነገር ሲያይ "ይሄ ትንሽ እቃ ነው፣ ከቅርብ ነው የተነሳው" ብሎ ይደመድማል። የኛ ስራ የዛ ተቃራኒ ነው። ስለዚ ጀርባውን የሚያደበዝዘውን፣ ፖርትሬት ሞድ የሚባለውን አጥፉ! ለሰው ፊት ቆንጆ ነው፣ ለሞዴል ባቡር ግን ከፍላሽ ቀጥሎ ትልቁ ጠላት እሱ ነው።

ሞባይል እዚህ ላይ ከትልቅ ካሜራ የሚሻልበት ነገር አለ፣ ሴንሰሩ ትንሽ ስለሆነ ጥርት ብሎ የሚታየው ርቀት ሰፊ ነው። በጣም ከተጠጋችሁ ግን ፎከስ እምቢ ይላል፣ ያኔ ትንሽ ሸሸት ብላችሁ በኋላ ክሮፕ አድርጉ (ዳር ዳሩን ቁረጡ)።

ትልቅ ካሜራ ያላችሁ ደሞ ትራይፖድ ላይ ስቀሉት፣ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100 ወይም 200፣ አፐርቸሩን (ብርሃን የሚገባበትን የሌንሱን ቀዳዳ) ወደ ኤፍ 11 ወይም ኤፍ 16 ዝጉት፣ ቁጥሩ ሲጨምር ቀዳዳው ይጠባል። ብርሃኑ ስለሚያንስ ሸተሩ (ብርሃን እንዲገባ የሚከፈተው መዝጊያ) ሰከንዶች ሊፈጅ ይችላል፣ ችግር የለውም፣ ባቡሩ ቆሟል። ኤፍ 22 እና ከዛ በላይ ብትሄዱ ጥርት የሚለው ርቀት ይጨምራል ግን ብርሃኑ በጠባቧ ቀዳዳ ሲያልፍ ስለሚበተን ፎቶው በሙሉ ለስለስ ይላል፣ በአንድ እጅ ሰጥቶ በሌላው የሚወስድ ነገር ነው።

ለሱ መፍትሄው ፎከስ ስታኪንግ ነው። ካሜራው ሳይነቃነቅ መጀመሪያ የሎኮሞቲቩ አፍንጫ ላይ ፎከስ አድርጋችሁ ታነሳላችሁ፣ ከዛ የመጀመሪያው ፉርጎ ላይ፣ ከዛ ቀጣዩ ላይ፣ እያለ እስከ ጀርባው ተራራ ድረስ። 6 ወይም 10 ፎቶ ይሆናል። ከዛ ሄሊኮን ፎከስ ወይም ዘሪን ስታከር የሚባሉት ሶፍትዌሮች ከእያንዳንዱ ጥርት ያለውን ክፍል ብቻ እየወሰዱ አንድ ፎቶ ያደርጉታል፣ ፎቶሾፕም ይሰራዋል። መሀል ላይ ጠረጴዛውን በጉልበታችሁ ነካ ካደረጋችሁ ግን ከመጀመሪያው መጀመር ነው፣ እኔ ስንቴ እንደጀመርኩ አትጠይቁኝ።

ደረጃ 5፦ ጀርባው

ሶኬቱ፣ መጋረጃው፣ የናንተ ሆድ፣ ሁሉም ከፍሬሙ ይውጣ። ለሰማይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቀለም የተቀባ ካርቶን ይበቃል፣ ወደ ታች ሲወርድ ነጣ እያለ ቢሄድ ደሞ የበለጠ እውነት ይመስላል ምክንያቱም እውነተኛው ሰማይም ከአድማሱ አጠገብ ነጣ ይላል። ካርቶኑን ከመጨረሻው ዛፍ ትንሽ አርቁት፣ ሰማይ ላይ የዛፍ ጥላ የወደቀበት ፎቶ በጣም ያስቃል።

ባቡሩ ሲሄድ ማንሳት ከፈለጋችሁ

60 ኪሎ ሜትር በሰዓት የሚሄድ ባቡር በኤችኦ ሲታሰብ በሰከንድ 19 ሴንቲ ሜትር ነው የሚሄደው። ሸተሩን ሩብ ሰከንድ ካደረጋችሁት ባቡሩ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሰመራል፣ ጣቢያው ደሞ ጥርት ብሎ ይቀራል፣ ፍጥነቱ ይታያል። ብዙ ሰው ሞዴሉን በሙሉ ሀይል ይለቀዋል፣ ያኔ ፎቶው ላይ የቀለም መስመር ብቻ ነው የሚገኘው።

ኤዲት

አጭር ነው፦ አግድሙን አስተካክሉ፣ ክሮፕ አድርጉ፣ ያመለጠች ብናኝ ካለች አጥፉ። ጭስ መጨመር ይቻላል ግን ትንሽ። ሰማዩን በኤዲት ከቀየራችሁት ተናገሩ፣ ስንት ጀማሪ "ይሄ ሰው እንዴት እንዲህ ሰራው" ብሎ ተስፋ ይቆርጣል መሰላችሁ።

ሼር ስታደርጉ

40 ፎቶ አትጫኑ ማንም አያየውም። አራት ወይም አምስት ምረጡ፦ አንድ ሌይአውቱን በሙሉ የሚያሳይ (ይሄ ከላይ ቢሆንም ይፈቀዳል)፣ ሁለት ዝቅ ብላችሁ ከሀዲዱ አጠገብ ያነሳችኋቸው፣ አንድ በጣም ቅርብ የሆነ፣ ከቻላችሁ ደሞ አንድ ከጀርባ ሽቦው ምናምኑ የሚታይበት። የመጨረሻዋን ብዙ ሰው ያፍርባታል፣ እኔ ግን ብዙ የተማርኩት ከሰው የሽቦ ፎቶ ነው።

ካፕሽን ላይ ስኬሉን፣ የየት ሀገርና የየትኛው ዘመን ባቡር እንደሆነ፣ መልክዓ ምድሩን በምን እንደሰራችሁ ፃፉ። "እንዴት ነው?" ብላችሁ ከጠየቃችሁ "አሪፍ ነው" ነው መልሱ፣ "የድንጋዩ ቀለም አልበዛም?" ብትሉ ግን የሚያውቅ ሰው ይመልስላችኋል። በቴሌግራም ስትልኩ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፣ አለበለዚያ ጨምቆ ጥራቱን ይቀንሰዋል። የሰው ሌይአውት ካነሳችሁ አስፈቅዱና የሱ መሆኑን ፃፉ። ሎኬሽኑን ደሞ አጥፉ፣ ስልክ ፎቶው ውስጥ የተነሳበትን ቦታ ሊያስቀምጥ ይችላል፣ እንደ ፋይል ሲላክ ደሞ አብሮ ይሄዳል፣ እቤታችሁ ስንት ብር የወጣበት ሎኮሞቲቭ እንዳለ ከነአድራሻው ለማያውቋችሁ መንገር ነው።

ፎቶውን "በኋላ አነሳለሁ" ለምትሉ ደሞ ጆን አለንን ላንሳ። አሜሪካ ካሊፎርኒያ ውስጥ ጎሬ ኤንድ ዳፌቲድ የሚባል የኤችኦ ሌይአውት የሰራ ባለሙያ ፎቶግራፈር ነበር፣ በ1973 ሞተ፣ ከቀናት በኋላ ሌይአውቱን እሳት በላው። ዛሬ ሰው ያንን ሌይአውት የሚያውቀው በዋናነት እሱ ራሱ ባነሳቸው ፎቶዎች ነው።

ፖስት የሚለውን ከመጫናችሁ በፊት ፎቶውን ዙም አድርጋችሁ ጎማዎቹን አንድ በአንድ እዩ። እኔ በጣም የምኮራባትን ፎቶ ለጠፍኩና አስር ደቂቃ ሳይሞላ አንዱ "ሶስተኛው ፉርጎ የኋላ ጎማው ከሀዲዱ ወጥቷል" ብሎ ፃፈልኝ። አይ ጥላው ነው ልለው ጀምሬ ለማንኛውም ብዬ ሄጄ ሳየው እውነትም ወጥቶ ነበር፣ ሶስት ቀን ሙሉ እዛው አጠገቡ ዛፍ ስተክል ነው የከረምኩት።