ከ16 ቴቢባይት በላይ የሆነ ማከማቻ በሊኑክስ ላይ እንዴት እንደሚዘጋጅ

አንድ ባለ 18 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሰርቨር ላይ ሲሰኩ ሁለት የቆዩ ወሰኖችን በአንድ ጊዜ ያልፋሉ፤ አንዱ 2፣ ሌላው 16 ቴቢባይት ላይ ነው። አምራቹ በ1000 (ቴራባይት)፣ ሊኑክስ አብዛኛውን ጊዜ በ1024 (ቴቢባይት) ስለሚቆጥሩ ዲስኩ 16.37 ቴቢባይት ገደማ ይሆናል። ትርፉ ትንሽ ቢመስልም ወሰኑ ታልፏል።

በመጀመሪያ ዲስኮችን በሚዘረዝረው የኤልኤስብሎክ (lsblk) ትእዛዝ መጠኑን ይዩ። አንድ ባለ 3 ቴራባይት ዲስክ 746 ጊቢባይት ገደማ ሆኖ ከታየ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌ የዩኤስቢ ማገናኛ ነው፦ ከ2.2 ቴራባይት በላይ መቁጠር ስለማይችል ትርፉን ብቻ ያሳያል። ማገናኛውን ሳይቀይሩ ምንም አይጻፉበት።

ቀጥሎ ዲስክን በሚከፋፍለው መሣሪያ በፓርትድ የጂፒቲ ሰንጠረዥ፣ ማለትም የዲስኩ ክፍልፋዮች (ፓርቲሽኖች) የሚመዘገቡበትን አዲሱን ሰንጠረዥ፣ ይፍጠሩ። የቀድሞው ሰንጠረዥ ኤምቢአር የሴክተር (የዲስኩ ትንሹ የመጻፊያ ክፍል) ቁጥርን በ32 ቢት ስለሚይዝ፣ በ512 ባይት ሴክተር 2 ቴቢባይት ላይ ያበቃል። ፓርቲሽኑን ከ1 ሜቢባይት ጀምረው እስከ መጨረሻው ይውሰዱት።

ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች በዲስኩ ላይ የሚደራጁበት ሥርዓት) ኤክስት4 ከሆነ እዚህ ላይ አይቸኩሉ። ኤክስት4 ቦታውን በ4 ኪቢባይት ብሎኮች ይከፍላል፤ የብሎክ ቁጥሩ 32 ቢት ሲሆን ጣሪያው 16 ቴቢባይት ነው። ከዚያ ለማለፍ «64 ቢት» የሚባለው ባሕርይ እንዲበራ ማድረግ ያስፈልጋል። ኤክስት4ን የሚፈጥረው መሣሪያ ባሕርይውን ራሱ የሚያበራው ከ1.43 ዕትም፣ ማለትም ከ2016 እ.ኤ.አ. ወዲህ ነው። ከዚያ በፊት የተፈጠሩት አብዛኞቹ የላቸውም፤ ክፋቱ ደግሞ ጉድለቱ ለዓመታት አለመታየቱ ነው።

ለአንድ የሠርግ ቪዲዮ ስቱዲዮ ያዘጋጀሁት ባለ 12 ቴቢባይት ማከማቻ እንዲህ ያለ ነበር። ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ በሚያጣምረው በኤልቪኤም ዲስክ እየጨመርን አሰፋነው፤ 16 ላይ ስንደርስ አዲሱ መጠን በ32 ቢት ሊገለጽ እንደማይችል የሚናገር መልእክት መጣ። ማከማቻውን ከሲስተሙ አላቅቄ (አንማውንት አድርጌ) መጠን በሚለውጠው መሣሪያ በሪሳይዝ2ኤፍኤስ፣ በትንሿ የ«ቢ» አማራጭ፣ ወደ 64 ቢት መለወጥ ጀመርኩ። በመሃል መብራት ጠፋ። መብራት ሲጠፋ ኃይል የሚሰጠው የዩፒኤሱ ባትሪ ያረጀ ስለነበር ሰርቨሩን ጥቂት ደቂቃ እንኳን አላቆየውም። ከጥገናው በኋላ ብዙዎቹ ፋይሎች ስማቸው ጠፍቶ በቁጥር ብቻ ተገኙ፤ አንዳንዶቹ ጭራሽ አልተገኙም። ለሙሽሮቹ እየደወልኩ የነገርኳቸውን ቀን አልረሳውም፤ ሠርግ ተደግሞ አይቀረጽም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ሙሉ ቅጂ በሌላ ዲስክ ያስቀምጡ፣ ቅጂው መከፈቱን ያረጋግጡ፣ ዩፒኤሱን ከግድግዳው ነቅለው በሰዓት ይፈትኑ። ከዚያ ማከማቻውን አንማውንት ያድርጉ፣ ሙሉ ፍተሻ ያድርጉ፣ ይለውጡ፣ ደግመው ይፈትሹ፣ በመጨረሻ ያስፉ። ቅጂው በእጅዎ ካለ ግን እኔ መለወጡን ትቼ እንደ አዲስ ፎርማት ማድረግን እመርጣለሁ፤ ሥራውም ንጹሕ ነው፣ ስጋቱም ያንሳል።

ትልልቅ ቪዲዮ ብቻ የሚያስቀምጡ ከሆነ ሌላው ፋይል ሲስተም ኤክስኤፍኤስ ይሻላል፤ የ16 ቴቢባይት ጣሪያ የለበትም። ያሰፉትን መልሶ ማጥበብን ግን አያስቡ። በኤክስት4 64 ቢት ቢበራም እንኳ የአንድ ነጠላ ፋይል ጣሪያ 16 ቴቢባይት እንደሆነ ይቀራል።

ፎርማቱ እንዳለቀ፣ አንድም ፋይል ሳይገለበጥ፣ በደምፕኢ2ኤፍኤስ የባሕርያቱን ዝርዝር አውጥተው 64 ቢት መኖሩን በዓይንዎ ይዩ። ኤክስት4 5 በመቶውን ለአስተዳዳሪው ይይዛል፤ በ18 ቴራባይት ላይ 900 ጊጋባይት መሆኑ ነው። ለመረጃ ብቻ በሚውል ዲስክ ላይ በቲዩን2ኤፍኤስ ወደ 1 በመቶ ያውርዱት።