ቅባቱን ከመቀባትሽ በፊት፦ በእርግዝና ጊዜ የጡንቻ ህመም ከየት ይመጣል? በምንስ ይታገሳል?

ፒያሳ አካባቢ መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አመሻሽ ላይ፣ የሥራ መውጫ ሰዓት ሲደርስ፣ አንዲት ነፍሰ ጡር ወገቧን ይዛ ትገባለች። «እባክሽ ያንን የሚያቃጥለውን ቅባት ስጪኝ» ትለኛለች። ከመደርደሪያው ከማውረዴ በፊት ሁለት ነገር እጠይቃታለሁ። ስንት ወርሽ ነው? የቱ ጋ ነው የሚያምሽ? አንዳንዷ ትቸኩላለች፤ የታክሲ ሰልፍ ይጠብቃታል። ግን መልሷ ብዙ ጊዜ የምሰጣትን ነገር ይቀይረዋል። ምንም ሳልሸጥላት ሐኪም ቤት የምልካትም አለች።

እዚህም በዚያው መንገድ እንሂድ።

በቅባት የማይነካው ህመም

አንድ እግርሽ ብቻ አብጧል። ባትሽ ሲነካ ያምሻል፣ ይሞቃል፣ ቀልቷል ወይም ቀለሙ ተለውጧል። ይህ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። በእርግዝና ጊዜ ደም ከወትሮው በቀላሉ ይረጋል፤ ብዙ ጊዜም በግራ እግር ነው። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ሊሄድ ስለሚችል ይህንን እግር አታሺው፣ አታሳሺውም። በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂጂ። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ ደግሞ አንድ ደቂቃም አትጠብቂ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል።

ወገብሽን ያዝ ለቀቅ እያደረገ እየተመላለሰ የሚያምሽ ከሆነና 37 ሳምንት ካልሞላሽ፣ ነገሩ ጡንቻ ላይሆን ይችላል። ያለ ጊዜው የሚመጣ ምጥ እንዲህ ይጀምራል። ትኩሳትና ሽንት ማቃጠል ያለበት የጎን ህመም የኩላሊት ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል። ከ20ኛው ሳምንት በኋላ በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት በታች አሞሽ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ ወይም የፊት እብጠት ከተጨመረበት፣ በእርግዝና ምክንያት የሚመጣው የደም ግፊት ይጠረጠራል። ደም ወይም ውሃ ከፈሰሰሽ፣ እግርሽ ከደነዘዘ፣ ሽንትሽን መቆጣጠር ካቃተሽም ጉዳዩ የቅባት አይደለም። ለነዚህ ሁሉ ወደ ሐኪም ነው የሚኬደው።

ቱቦው ላይ ምን ተጽፏል?

«ከላይ የሚቀባ ነው፣ ምን ያደርጋል?» የሚለውን በየቀኑ እሰማለሁ። ቆዳ ግን ያስገባል። ወደ ደም የሚገባው ክኒን ስትውጪ ከሚገባው በጣም ያነሰ ነው። ሆኖም ሰፊ ቦታ ላይ ደጋግመሽ ስትቀቢ፣ ከላይ ስትጠቀልይው ወይም ስታሞቂው መጠኑ ይጨምራል። ስለዚህ በትልቁ የተጻፈውን ስም ተይውና በትንንሹ የተጻፈውን አንብቢ። ካስቸገረሽ ቱቦውን ይዘሽ በአቅራቢያሽ ወዳለ መድኃኒት ቤት ሂጂ። ማንበብ ሥራችን ነው፤ ሳትገዢም መጠየቅ ትችያለሽ።

ዲክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን ወይም ኬቶፕሮፌን የሚል ካየሽ አትቀቢው። ቮልታረን የሚባለው ጄል ዲክሎፌናክ ነው። በ2020 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ስለዚህ የመድኃኒት ቤተሰብ አስጠንቅቋል። ከ20ኛው ሳምንት ማለትም ከአምስተኛው ወር ገደማ ጀምሮ የሕፃኑን ኩላሊት ሊጎዱና የሽርት ውሃን ሊያሳንሱ ይችላሉ። በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ደግሞ ሌላ ስጋት አለ። የሕፃኑ ልብ አጠገብ እስኪወለድ ድረስ ክፍት ሆኖ መቆየት ያለበት የደም ቧንቧ አለ፤ እሱ ያለ ጊዜው ሊዘጋ ይችላል። ከ20 ሳምንት በፊትም ቢሆን ሐኪምሽን ሳታማክሪ አትጀምሪው። ሳታውቂ አንድ ሁለት ቀን ቀብተሽ ከሆነ አትደንግጪ። አቁሚና በቀጣዩ ክትትልሽ ንገሪያቸው።

ሜቲል ሳሊሲሌት የሚባለው ያ የስፖርተኛ ቤት የሚሸተው፣ የሚያሞቀው ቅባት ውስጥ የሚገባው ነው። የአስፕሪን ዘመድ ስለሆነ እሱንም ተይው። አንድ ነገር ግን አደራ፦ ሐኪምሽ ለደም ግፊት መከላከያ ብሎ አነስተኛ መጠን ያለው አስፕሪን አዞልሽ ከሆነ ይህን አንብበሽ እንዳታቋርጪ። እሱ ሌላ ጉዳይ ነው።

ካምፎር በእንግዴ ልጅ በኩል ወደ ፅንሱ ያልፋል። ቪክስ ውስጥም፣ በትንንሽ ቆርቆሮ የሚሸጡት ባልሞች ውስጥም አለ። ወገብን ሙሉ በዚህ ማሸት አልመክርም። ሜንቶል ብቻ ያለበት ቅባት ግን፣ ትንሽ ቦታ ላይ፣ በስሱ፣ ለጥቂት ቀን ከሆነ ብዙ አያሳስብም። ሆድና ጡት ላይ ግን አይደረግም።

ታዲያ ምን ቀረ? ትላላችሁ። ተራ ዘይትና ጥሩ እጅ! ከልቤ ነው የምለው። የሚያቃጥል ቅባት የሚያደርገው ቆዳን በማሞቅ ወይም በማቀዝቀዝ ህመሙን ማስረሳት ነው። የተገተረውን ጡንቻ የሚያላላው በአብዛኛው ማሸቱና ሙቀቱ ነው።

ወገብ ሲደርቅ

ከሁሉም በብዛት የሚመጣብኝ ይህ ነው። ሲመሽ ወገብ ይደነድናል፤ ከመቀመጫ ሲነሱ ይይዛል። ሆድ ወደፊት ሲገፋ ሚዛን ለመጠበቅ ወገብ ወደ ውስጥ ይጎብጣል፤ የጀርባ ጡንቻ ያንን ክብደት ቀኑን ሙሉ ተሸክሞ ይውላል። በዚያ ላይ ሪላክሲን የሚባለው ሆርሞን ጅማቶችን ያላላል። ጅማት የተወውን ሥራ ጡንቻ ይረከባል። ከተማችንም የራሷን ትጨምራለች፦ የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት፣ የሚኒባስ የኋላ ወንበር፣ ሊፍት የሌለው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ ሲጠፋ ጄሪካን። ቤት ሲገባ ደግሞ በርጩማ ላይ ጎንበስ ብሎ ቡና ማፍላት፣ ሳፋ ላይ ልብስ ማጠብ።

መጀመሪያ ሙቀት። ፎጣ በሙቅ ውሃ ነክረሽ ጭመቂና ወገብሽ ላይ አድርጊ፤ ወይም የሙቅ ውሃ መያዣ ጎማ በፎጣ ጠቅልለሽ ተደገፊው። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይበቃል። ሆድ ላይ አይደረግም። ፈላ ያለ ውሃ ሃይላንድ ውስጥ አትሙዪ፤ ይጨማደድና ይፈስብሻል። እንዲህ ተቃጥላ የመጣች አይቻለሁ።

ከዚያ ማሸት። የሰሊጥ ወይም የወይራ ዘይት ይበቃል፤ ሽታው ካልከበደሽ ቅቤም ይሆናል። በጎንሽ ተኚ፣ ወይም ወንበር ወደ መደገፊያው ዞረሽ ተቀመጪና ትራስ አቅፈሽ ተደገፊ። ባልሽ፣ እህትሽ ወይም እናትሽ በመዳፋቸው ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ከታች ወደ ላይ ቀስ እያሉ ይሹሽ። አጥንቱ ራሱ አይጫንም። አሥር ደቂቃ ካገኘሽ ለውጡን ታዪዋለሽ።

ነገ እንዳይመለስ ደግሞ በርጩማውን በወንበር ቀይሪው፣ ሳፋውን ከፍ ባለ ነገር ላይ አድርጊው። ጄሪካኑን ሌላ ሰው ይያዘው። ረጅም መንገድ ካለሽ ነጠላሽን አጥፈሽ ከሆድሽ በታች ደገፍ አድርጊና ወገብሽ ላይ እሰሪው፤ ሳይጠብቅ። እናቶቻችን በመቀነት ያደርጉት የነበረው ነው።

ከሙቀቱ ጋር «ፍልውሃ ገብቼ ልዘፍዘፍ?» የምትለኝ አትጠፋም። ከተማችን የተቆረቆረችው በዚያ ውሃ ምክንያት ነው፤ መውደዳችሁም ይገባኛል። ግን የሰውነት ሙቀት ከ39 ዲግሪ በላይ መውጣት በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ለፅንሱ ጥሩ አይደለም። ስቲምም እንደዚያው። ለብ ያለ ሻወር ወገብሽ ላይ አውርጂበት።

ስለ ወጌሻም እጠየቃለሁ። ሆድ የሚያሽ፣ ወገብ የሚያንቋቋ ከሆነ አይሆንም። በጤና አዳም የተዘጋጀ ዘይትም ለነፍሰ ጡር አይሆንም፤ ማህፀንን ሊያነሳሳ ይችላል።

ሌሊት ባት ሲሸማቀቅ

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ባትሽ ድንጋይ ሆኖ ያስነሳሻል። ቀን ብዙ መቆምና ድካም ያባብሰዋል። ቅባት ፍለጋ አትነሺ፤ ቅባቱ እስኪሠራ ሽምቅቁ ያልፋል። እግርሽን ዘርግተሽ ጣቶችሽን ወደ ራስሽ ሳቢ። ሆድሽ ካላደረሰሽ ተነሺና ተረከዝሽን መሬት ላይ ረግጠሽ ግድግዳ ተደገፊ። ሲለቅሽ በዘይት እሺው። ከመተኛትሽ በፊት ግድግዳ ተደግፈሽ ባትሽን መሳብ ልማድ ይሁንሽ።

ብሽሽት፣ ዳሌ፣ ትከሻ

አልጋ ላይ ስትዞሪ ወይም ስታስነጥሺ ብሽሽትሽን ውግት ካደረገሽ፣ ማህፀኑን የያዘው ጅማት እየተለጠጠ ነው። እዚያ ምንም የሚያቃጥል ነገር አይቀባም። ጉልበቶችሽን ገጥመሽ ቀስ ብለሽ ዙሪ። ትራስ በጉልበቶችሽ መሃል አድርጊ፤ ከ28 ሳምንት በኋላ ለማንኛውም በጎን መተኛት ነው የሚመከረው። ደረጃ ስትወጪ ዳሌሽ የሚያምሽ ከሆነ አንድ አንድ ደረጃ ውጪ፣ ሱሪሽን ተቀምጠሽ ልበሺ፤ ካልተሻለሽ ወደ ፊዚዮቴራፒ እንዲልኩሽ ጠይቂ።

ትከሻና ማጅራት የሚገተረው ከጡት መክበድና ስልክ ላይ ከማቀርቀር ነው። ሰፋ ያለ ጡት መያዣ፣ ሙቅ ፎጣ፣ ካስፈለገም ከላይ ያልኩት ሜንቶል በስሱ፤ ሁለቱን አንድ ላይ ግን አይደለም።

ቀብተሽ ቢያቃጥልሽ

ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከላይ ሙቅ ነገር መደረጉ ወይም በፌስታል መጠቅለሉ ነው። ውሃ ብቻውን አያነሳውም። መጀመሪያ በምግብ ዘይት ጥረጊው፣ ከዚያ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቢ። ውሃ ከቋጠረ ወይም ሽፍ ካለ ለሐኪም አሳዪ።

በዚህ ሁሉ ካልታገሰልሽ፣ የትኛውን የሚዋጥ ማስታገሻ መውሰድ እንደምትችዪ በክትትልሽ ጠይቂ። የመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትል በነፃ ነው። የምትቀቢውንም ሁሉ በከረጢት ይዘሽ ሂጂ፤ ጎረቤት የሰጠችሽንም ጭምር። ከወለድሽ በኋላ ደግሞ የተረፈውን ካምፎርና ሜንቶል ያለበት ቅባት ከሕፃኑ አርቂው። አፍንጫው አጠገብ ትንፋሹን ሊያውከው ይችላል፤ ካምፎር የዋጠ ሕፃን ደግሞ በፍጥነት ሆስፒታል መድረስ አለበት።