በጅማ አዲስ ሰፈር እድር ስታቋቁሙ

ከ30 እስከ 40 ቤት ከተስማማ ይበቃል፤ ከዚያ ካነሰ ሁለት ተከታታይ ሐዘን ካዝናውን ያራቁተዋል። ደንቡ ሳይጸድቅ ብር አትሰብስቡ። የባንክ ሒሳቡ በ3 ሰው ስም ተከፍቶ በ2 ፊርማ ይንቀሳቀስ። አዲስ አባል 3 ወር ሳይከፍል ድጋፍ እንደማያገኝ ጻፉ፤ አለዚያ ቀድሞ የሚመዘገበው ቤቱ በሽተኛ ያለበት ነው (ክፋት አይደለም፣ ጭንቀት ነው)።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዕቃው ላይ ነው። ሙስሊምና ክርስቲያን አብረው ከገቡ ድስቱ፣ ቢላዋውና ጭልፋው ለየብቻ ይገዛ፣ በቀለም ይለይ፤ ሲደባለቅ ቅያሜው ከዕቃው ዋጋ ይበልጣል። የሙስሊም ቀብር ስለማይዘገይ ጥሪው ሌሊትም ቢሆን ሁሉም ቤት የሚደርስበትን መንገድ አስቀድማችሁ አበጁ። ድንኳኑ ዝናብ የማያስገባ ሸራ ይሁን፤ የጅማ ክረምት ረጅም ነው፣ እርጥብ ሸራ ከታጠፈ ይሻግታል።